የናይል ፐርች

የናይል ፐርች (በሳይንሳዊ ስሙ ላቴስ ኒሎቲከስ) በአፍሪካ ወንዞችና ሐይቆች የሚኖር፣ ሌሎች ዓሣዎችን አድኖ የሚበላ ትልቅ ዓሣ ነው። በኢትዮጵያ በጫሞና በአባያ ሐይቆች እንዲሁም በኦሞና በባሮ ወንዞች በተፈጥሮ ይገኛል። በእነዚህ ውሃዎች ከሌሎቹ ነባር ዓሣዎች ጋር ለረጅም ዘመን አብሮ ኖሯል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሰዎች ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ካስገቡት በኋላ ግን በዚያ ሐይቅ ብቻ ይኖሩ የነበሩ በርካታ የዓሣ ዝርያዎች በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲጠፉ ዋና ምክንያት ሆኗል። በዚህም የተነሣ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በዓለም እጅግ ጎጂ ናቸው ብሎ ከመረጣቸው 100 ወራሪ ዝርያዎች መካከል ስሙ ተመዝግቧል። በሌላ በኩል ይኸው ዓሣ ለታንዛኒያ፣ ለኡጋንዳና ለኬንያ የውጭ ምንዛሪ ያስገኘ፣ በሐይቁ ዙሪያ ለሚኖር እጅግ ብዙ ሕዝብም መተዳደሪያ የሆነ ነው።

አንድ ዝርያ በትውልድ ቦታው ጉዳት ሳያደርስ ኖሮ በሌላ ቦታ ወራሪ ሊሆን እንደሚችል ለማስረዳት የናይል ፐርች ታሪክ በብዛት ይጠቀሳል።

ስያሜ

ዓሣውን ለመጀመሪያ ጊዜ በሳይንሳዊ ስም የመዘገበው ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ካርል ሊኔየስ ሲሆን፣ ይህም እ.ኤ.አ. በ1758 ነበር። «ኒሎቲከስ» የሚለው ቃል «የናይል» ማለት ነው። ፐርች የሚል መጠሪያ ይሰጠው እንጂ በአውሮፓ ወንዞች ከሚገኘው ፐርች ጋር የቅርብ ዝምድና የለውም። የቅርብ ዘመዱ በአውስትራሊያና በደቡብ ምሥራቅ እስያ የሚገኘው ባራመንዲ የተባለው ዓሣ ነው።

በኢትዮጵያ ብዙ ጊዜ ነጭ ዓሣ ይባላል። ይህ ስም ግን በአንዳንድ አካባቢዎች ለሌሎች ዓሣዎችም ስለሚሰጥ፣ በዚህ ጽሑፍ የናይል ፐርች የሚለው ስም ተመርጧል። በኬንያ ምቡታ፣ በኡጋንዳ ምፑታ፣ በታንዛኒያ ሳንጋራ ይሉታል። ፈረንሳይኛ በሚነገርባቸው የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ደግሞ ካፒቴን በመባል ይታወቃል።

የአካል ገጽታ

የናይል ፐርች ሰውነት ረዘም ያለና ከጎንና ከጎን ጠፍጠፍ ያለ ነው። ከዓይኑ በላይ ያለው የራሱ ክፍል ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ የታችኛው መንጋጋው ከላይኛው ወደ ፊት ይወጣል። ጀርባው ጠቆር ያለ፣ ጎኑና ሆዱ እንደ ብር የሚያብለጨልጭ ሲሆን ጭራው ክብ ቅርጽ አለው። የጀርባው ክንፍ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ የፊተኛው ክፍል ጠንካራ እሾሆች አሉት። የዓይኑ መሐል ጥቁር ሲሆን ዙሪያው ደማቅ ቢጫ ነው። ጫጩቶቹ እንደ ትልልቆቹ ብርማ ሳይሆኑ ቡናማና ዥጉርጉር ናቸው።

ከአፍሪካ ትልልቅ ዓሣዎች አንዱ ነው። እስከ 2 ሜትር ርዝመትና እስከ 200 ኪሎ ግራም ክብደት ሊደርስ ይችላል። ይሁን እንጂ ማስገር በበዛባቸው ሐይቆች እንዲህ ያለ ዓሣ ማግኘት ብርቅ ሆኗል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያዘው ከአንድ ሜትር በታች ነው።

ሥነ ሕይወት

አመጋገብ

የናይል ፐርች ምግብ ከዕድሜው ጋር ይለወጣል። ገና የተፈለፈሉት ጫጩቶች በውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ደቃቅ እንስሳትን ይበላሉ። ጥቂት ሲያድጉ ወደ ውሃ ነፍሳትና ሽሪምፕ ይሸጋገራሉ፤ ከዚያ በኋላ ዋና ምግባቸው ዓሣ ይሆናል። ዓሣው ምግብ አይመርጥም፤ በአካባቢው የበዛውን ይበላል። ሌላ ዓሣ ሲያንስ ወደ ሽሪምፕ ይመለሳል፤ የራሱን ዝርያ ትንንሽ ዓሣዎችም ይበላል።

ይህ ባሕርይ በወራሪነቱ ላይ ትልቅ ድርሻ አለው። አንድ አዳኝ የሚበላው አንድ ዓይነት እንስሳ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ታዳኙ ሲመናመን አዳኙም በረሃብ ቁጥሩ ይቀንስ ነበር፤ ታዳኙም ለማገገም ጊዜ ያገኝ ነበር። የናይል ፐርች ግን አንዱ ሲያልቅ ወደ ሌላው ይዞራል። ዓሣው ሲያልቅ ሽሪምፑና የገዛ ጫጩቶቹ ስለሚያቆዩት፣ ቁጥራቸው የተመናመነ ዝርያዎችን የመጨረሻዎቹን ጥቂት ዓሣዎች ሳይቀር ማደኑን ይቀጥላል።

መራባት

ሴቷ ከወንዱ ይልቅ ትገዝፋለች፤ ለመራባትም ዘግየት ብላ ትደርሳለች። አንዲት ትልቅ ሴት በአንድ ጊዜ በሚሊዮን የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። እያንዳንዱ እንቁላል በውስጡ የዘይት ጠብታ ስላለው በውሃ ውስጥ ይንሳፈፋል። ወላጆች እንቁላሉንም ሆነ ጫጩቶቹን አይጠብቁም። አብዛኞቹ በሌሎች እንስሳት ይበላሉ፤ ምቹ ሁኔታ ሲፈጠር ግን ከሚሊዮኖቹ ጥቂት በመቶ እንኳ ቢተርፍ ቁጥሩ ባጭር ጊዜ ይንራል።

የኦክስጅን ፍላጎት

የናይል ፐርች በውሃ ውስጥ ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋል። የኦክስጅን መጠኑ ዝቅተኛ በሆነ ውሃ፣ ለምሳሌ ጥቅጥቅ ባለ የደንገል ረግረግ ውስጥ፣ ለረጅም ጊዜ መቆየት አይችልም። ጥቂት ኦክስጅን የሚበቃቸው ትንንሽ ዓሣዎች ግን በእንዲህ ያለ ቦታ ይኖራሉ። ወደፊት እንደሚገለጸው፣ ይህ ድክመቱ ለአንዳንድ ዝርያዎች መዳኛ ሆኗል።

ተፈጥሯዊ ስርጭት

የናይል ፐርች የትውልድ ቦታዎች የናይል፣ የቻድ፣ የኒጀር፣ የሴኔጋል፣ የቮልታና የኮንጎ ወንዞች ተፋሰሶች ናቸው። በአልበርትና በቱርካና ሐይቆችም በተፈጥሮ ይገኛል። በግብፅ በአሌክሳንድሪያ አጠገብ ባለው ማርዩት ሐይቅ በመጠኑ ጨዋማ በሆነ ውሃም ኖሯል።

በኢትዮጵያ የሚገኝባቸው ውሃዎች በሦስት ይመደባሉ። እነርሱም በደቡብ ስምጥ ሸለቆ የሚገኙት አባያና ጫሞ፣ ወደ ቱርካና ሐይቅ የሚፈሰው ኦሞ፣ እንዲሁም በጋምቤላ በኩል ወደ ነጭ ናይል የሚወርደው የባሮና የአኮቦ ተፋሰስ ናቸው። ከእነዚህ መካከል በናይል ፐርች ማስገር ስሙ የሚነሣው በአርባ ምንጭ አጠገብ ያለው ጫሞ ነው።

ትልልቅ ፏፏቴዎች የዓሣውን ተፈጥሯዊ ስርጭት ከሚወስኑት ነገሮች ዋነኞቹ ናቸው። በኡጋንዳ የሚገኘው የመርቺሰን ፏፏቴ የናይል ፐርች ከአልበርት ሐይቅ ወደ ላይ ወጥቶ ወደ ኪዮጋና ወደ ቪክቶሪያ ሐይቆች እንዳይደርስ አግዶት ኖሯል። ስለዚህ እነዚህ ሁለት ሐይቆች በናይል ተፋሰስ ውስጥ ቢሆኑም ዓሣዎቻቸው ያደጉት ይህ አዳኝ በሌለበት ነው።

በጥንታዊት ግብፅ

ጥንታውያን ግብፃውያን የናይል ፐርችን ያውቁትና ያከብሩት ነበር። በላይኛው ግብፅ የምትገኘው የኤስና ከተማ የዚህ ዓሣ አምልኮ ማዕከል ስለነበረች ግሪኮች ላቶፖሊስ፣ ማለትም የላቴስ ከተማ ብለው ጠሯት። ዓሣው በዚያ ኒት ከተባለችው እንስት አምላክ ጋር ይያያዝ ነበር። በኤስና አካባቢ በመድኃኒት ደርቀውና በጨርቅ ተገንዘው የተቀበሩ የናይል ፐርች ዓሣዎች ተገኝተዋል።

ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ መግባት

ሐይቁ ከዚያ በፊት

ቪክቶሪያ ከአፍሪካ ሐይቆች በስፋት አንደኛ ነው። ወደ 68,800 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ስፋት ሲኖረው ታንዛኒያ፣ ኡጋንዳና ኬንያ ይጋሩታል። ከስፋቱ አንጻር ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቀቱ ቢበዛ 80 ሜትር ገደማ ነው።

የሐይቁ ዋና ሀብት ሃፕሎክሮሚን የሚባሉ ትንንሽ ዓሣዎች ነበሩ። እነዚህ ዓሣዎች በኢትዮጵያ ቆሮሶ ከሚባለው ዓሣ ጋር በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ይመደባሉ፤ ቤተሰቡም ሲክሊድ ይባላል። በታንዛኒያ ፉሩ፣ በኡጋንዳ ንኬጄ ይሏቸዋል። ርዝመታቸው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ስንዝር አይበልጥም። በቪክቶሪያ ሐይቅ ከ500 በላይ ዝርያዎች እንደነበሩ ይገመታል፤ ከጥቂቶች በቀር ሁሉም በዓለም ላይ በሌላ ቦታ አይገኙም ነበር።

የሐይቁ ወለል ደለል እንደሚያሳየው ቪክቶሪያ ከ15,000 ዓመታት ገደማ በፊት ደርቆ ነበር። ይህ ከሆነ እነዚያ ሁሉ ዝርያዎች የተለያዩት በሥነ ሕይወት ሚዛን እጅግ አጭር በሆነ ጊዜ ውስጥ ነው ማለት ነው። አንዳንዶቹ ከድንጋይ ላይ ዋቅላሚ (አልጌ) የሚግጡ፣ አንዳንዶቹ ቀንድ አውጣ የሚሰባብሩ፣ ሌሎቹ ከሐይቁ ወለል ብስባሽ የሚለቅሙ ነበሩ። የሌላውን ዓሣ ቅርፊት እየላጡ የሚበሉ፣ ሌላዋ እናት በአፏ የያዘቻቸውን ጫጩቶች የሚነጥቁም ነበሩ። በዚህ የተነሣ ሐይቁ አዲስ ዝርያ እንዴት እንደሚፈጠር ለማጥናት ከሚመረጡ የዓለም ቦታዎች አንዱ ሆኗል።

ሃፕሎክሮሚኖች የሚራቡበት መንገድ ከናይል ፐርች ፈጽሞ የተለየ ነው። ሴቷ ጥቂት እንቁላሎች ብቻ ትጥላለች፤ እንቁላሎቹን አፏ ውስጥ አቅፋ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቹም አደጋ ሲመጣ ወደ አፏ ይገባሉ። ይህ አኗኗር ትልቅ አዳኝ በሌለበት ውጤታማ ነው፤ እናቲቱ ራሷ በምትዋጥበት ጊዜ ግን እርሷም ጫጩቶቿም አብረው ይጠፋሉ።

ክርክሩና ዝውውሩ

የናይል ፐርች ከመግባቱ በፊት ሐይቁ ተጎሳቁሎ ነበር። ከሞምባሳ የተነሣው የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1901 ኪሱሙ ከደረሰ በኋላ ለዓሣ ሰፊ ገበያ ተፈጠረ፤ ብዙም ሳይቆይ ዘመናዊ መረብ ገባ። ንጌጌ የተባለውና በሕዝቡ ይወደድ የነበረው ነባር ቆሮሶ በማስገር ብዛት እየተመናመነ ሄደ። ሐይቁን እ.ኤ.አ. በ1927 እና በ1928 ያጠናው እንግሊዛዊው ማይክል ግራሃም ስለ መረብ አጠቃቀም ምክር ከመስጠቱም በላይ፣ ትልቅ አዳኝ ዓሣ ወደ ሐይቁ ከማስገባት በፊት ጥንቃቄ የተሞላበት ጥናት እንደሚያስፈልግ አስጠንቅቆ ነበር።

በ1950ዎቹ የብሪታንያ ቅኝ አስተዳደር ባለሥልጣናትና ሳይንቲስቶች በዚህ ጉዳይ ለሁለት ተከፈሉ። የናይል ፐርች ይግባ የሚሉት ሃፕሎክሮሚኖች ትንንሽ፣ እሾሃማና ዋጋ የማያወጡ መሆናቸውን ያነሡ ነበር። እነርሱን የሚበላ ትልቅ ዓሣ ቢገባ ጥቅም አልባ የሚሉት ሀብት ወደ ጥሩ ሥጋ ይለወጣል፤ ለመዝናኛ ዓሣ የሚያጠምዱ ጎብኝዎችም ይመጣሉ ብለው ያምኑ ነበር።

ተቃዋሚዎቹ ደግሞ ሁለት ነገሮችን አነሡ። አንደኛው ስለ ምርቱ ነው፤ አዳኝ ዓሣ ከሚበላው ምግብ ወደ ሥጋ የሚለውጠው ጥቂቱን ብቻ ስለሆነ ጠቅላላ ምርቱ ሊቀንስ ይችላል የሚል ነበር። ሁለተኛው ደግሞ እርምጃው የማይመለስ መሆኑ ነው፤ ዓሣው አንድ ጊዜ ከተለቀቀ መልሶ ማውጣት አይቻልም። ከተቃዋሚዎቹ አንዱ የነበረው ጄፍሪ ፍራየር እ.ኤ.አ. በ1960 አቋሙን በጽሑፍ አሳትሟል።

ክርክሩ እየተካሄደ ሳለ ዓሣው ሐይቁ ውስጥ ተገኘ። በ1950ዎቹ አጋማሽ በኪዮጋ ሐይቅ በይፋ ተለቆ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1960 ደግሞ በቪክቶሪያ ሐይቅ በጂንጃ አቅራቢያ ተያዘ። እንዴት እንደገባ ለረጅም ጊዜ ሲያነጋግር ቆይቷል። ሮበርት ፕሪንግል እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተመው ጥናት፣ የቅኝ አስተዳደሩ የአደንና የዓሣ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ1954 ከአልበርት ሐይቅ ያመጡትን የናይል ፐርች በቪክቶሪያ በምስጢር እንደለቀቁ የሚያመለክት ማስረጃ አቅርቧል። ዓሣው መግባቱ ከታወቀ በኋላ የተቃዋሚዎቹ ክርክር ትርጉም አጣ። እ.ኤ.አ. በ1962 እና በ1963 በኡጋንዳና በኬንያ በኩል ተጨማሪ ዓሣዎች በይፋ ተለቀቁ፤ ከእነዚህም ከፊሎቹ ከቱርካና ሐይቅ የመጡ ነበሩ።

ድንገተኛ መብዛት

የናይል ፐርች ከገባ በኋላ ለሃያ ዓመታት ያህል ብዙም ለውጥ አልታየም ነበር። በ1970ዎቹ በተደረገ ጥናት በሐይቁ ውስጥ ካለው ጠቅላላ የዓሣ ክብደት 80 በመቶ ገደማ የሚሆነው ሃፕሎክሮሚን ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ለውጡ ድንገተኛ ሆነ። በመጀመሪያ በኬንያ፣ ቀጥሎ በኡጋንዳ፣ በመጨረሻ በታንዛኒያ የናይል ፐርች ቁጥር ናረ። ይህም ከ1970ዎቹ መጨረሻ እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ባለው ጊዜ ውስጥ የሆነ ነው። በክፍት ውሃ የሚኖሩ ሃፕሎክሮሚኖች ከመረብ ላይ ጠፉ ለማለት ይቻላል።

የሆላንዱ የላይደን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ1977 ጀምሮ በታንዛኒያ የምዋንዛ ባሕረ ሰላጤ ሃፕሎክሮሚኖችን ያጠኑ ነበር። ስለዚህ ገና ስም ያልወጣላቸው ዝርያዎች ጭምር ዓይናቸው እያየ ሲጠፉ ለመመዝገብ ችለዋል። ከተመራማሪዎቹ አንዱ የሆነው ፍራንስ ቪተና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት ጥናት ወደ 200 የሚጠጉ ዝርያዎች ጠፍተዋል ወይም ለመጥፋት ተቃርበዋል ብለው ገምተዋል። የቡድኑ አባል የነበረው ታይስ ጎልድስሚት ደግሞ ይህን ታሪክ ለተራው አንባቢ በመጽሐፍ አቅርቦታል።

ዓሣው ለምን ሃያ ዓመት ያህል ዘገየ ለሚለው ጥያቄ የተለያዩ መልሶች ተሰጥተዋል። በአንደኛው መሠረት የበዙት ሃፕሎክሮሚኖች የናይል ፐርችን እንቁላልና ጫጩት በመብላትና ምግቡን በመሻማት አግደውት ነበር፤ በማስገር ምክንያት ሲቀንሱ ግን እገዳው ተነሣ። በሌላው መሠረት ከእርሻና ከከተማ የሚገባው ፍሳሽ የሐይቁን ውሃ አስቀድሞ ለውጦት ነበር። ሁለቱ ምክንያቶች አብረው ሊሠሩ ስለሚችሉ አንዱ ሌላውን አያስቀርም።

በሥነ ምህዳር ላይ ያስከተለው ለውጥ

የሃፕሎክሮሚኖች መጥፋት የሐይቁን የምግብ ሰንሰለት ቀየረው። ከእነርሱ መካከል ብዙዎቹ ዋቅላሚና ብስባሽ ይበሉ ነበር። እነርሱ ሲጠፉ ያልተበላው ዋቅላሚ እየሞተ ወደ ታች ይሰጥማል፤ ሲበሰብስም በጥልቁ ውሃ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳል። ከመሬት የሚገባው ማዳበሪያና ፍሳሽም ዋቅላሚውን ስላበዛው፣ የሐይቁ ጥልቅ ክፍል በዓመቱ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ኦክስጅን የሚያንስበት ሆነ። ይህ ለውጥ ምን ያህሉ በናይል ፐርች፣ ምን ያህሉ በፍሳሽ እንደመጣ መለየት አስቸጋሪ ነው።

ባዶ የቀረውን ቦታ የያዙት ጥቂት ዝርያዎች ናቸው። ዳጋ (በኬንያ ኦሜና፣ በኡጋንዳ ሙኬኔ) የተባለው ትንሽ ብርማ ዓሣና አንድ ነባር የሽሪምፕ ዝርያ እጅግ በዙ። በ1950ዎቹ ከውጭ የገባው የናይል ቆሮሶም የነባሮቹን ቆሮሶዎች ቦታ ወሰደ። ቀድሞ ሃፕሎክሮሚን ይመገቡ የነበሩ ዓሣ አዳኝ ወፎች ምግባቸውን ወደ ዳጋ ለወጡ። በመቶ የሚቆጠሩ ዝርያዎች የነበሩበት ማስገር በሦስት ዓሣዎች ላይ የተመሠረተ ሆነ፤ እነርሱም የናይል ፐርች፣ ዳጋና የናይል ቆሮሶ ናቸው።

የውሃው መደፍረስ ሌላም ጉዳት አለው። የሃፕሎክሮሚን ሴቶች የራሳቸውን ዝርያ ወንድ የሚለዩት በአብዛኛው በቀለሙ ነው። ኦሌ ዜሃውዘንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 እንዳሳዩት ውሃው ሲደፈርስ ቀለም በደንብ ስለማይታይ ዝርያዎቹ ይዳቀላሉ፤ ልዩነታቸውም ይጠፋል። ስለዚህ ከናይል ፐርች ያመለጠ ዝርያ በመደባለቅ ሊጠፋ ይችላል።

ያም ሆኖ ሁሉም አልጠፉም። በድንጋያማ ዳርቻ የሚኖሩት በድንጋዮች መካከል በመደበቃቸው ከሌሎቹ በተሻለ ተርፈዋል። ሌሎች ደግሞ ኦክስጅን ባነሰበት የደንገል ረግረግና በዙሪያው ባሉ ትንንሽ ሐይቆች ተጠልለዋል። ከ1990ዎቹ ጀምሮ የናይል ፐርች በማስገር ብዛት ሲቀንስ አንዳንድ ሃፕሎክሮሚኖች በክፍት ውሃ እንደገና ታይተዋል። ቁጥራቸው ቢያገግምም የዝርያዎቹ ብዛት ግን ወደ ቀድሞው አልተመለሰም። ከጥፋቱ በፊት የተያዙ አንዳንድ ዝርያዎች በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በሚገኙ የዓሣ ማሳያ ቤቶች እየተራቡ ቆይተዋል።

በሐይቁ ዙሪያ ኑሮ ላይ ያስከተለው ለውጥ

የአካባቢው ሕዝብ የናይል ፐርችን መጀመሪያ አልወደደውም ነበር፤ መጠኑና ቅባታማ ሥጋው እንግዳ ሆነበት። ትንንሾቹ ፉሩዎች በፀሐይ ይደርቁ ነበር፤ ቅባት የበዛበት የናይል ፐርች ግን እንዳይበላሽ በማገዶ እሳት መጠበስ ወይም በጭስ መድረቅ ነበረበት። ይህም በሐይቁ ዳርቻ በሚገኙ ዛፎች ላይ ጫና ፈጠረ።

ከ1980ዎቹ ጀምሮ ዓሣውን እየበለቱ አጥንት የሌለው ፊሌቶ ወደ አውሮፓና ወደ ሌሎች አገሮች የሚልኩ ፋብሪካዎች በሐይቁ ዙሪያ ተተከሉ። ተቃዋሚዎቹ ከሰጡት ማስጠንቀቂያ አንዱ በዚህ ጊዜ ሳይፈጸም ቀረ፤ ምርቱ በመቀነስ ፋንታ ጨመረ። በ1970ዎቹ በዓመት 100,000 ቶን ገደማ የነበረው የሐይቁ ጠቅላላ ምርት በ1990 አካባቢ 500,000 ቶን ገደማ ደረሰ፤ ከዚህም ትልቁ ድርሻ የናይል ፐርች ነበር። ሥራ ፈላጊዎች ከሩቅ አካባቢ ሳይቀር ወደ ሐይቁ ዳርቻ ጎረፉ።

ጥቅሙ ግን እኩል አልተዳረሰም። ቀድሞ ዓሣ አድርቀው ይሸጡ የነበሩ ብዙ ሴቶች ንግዱ ወደ ፋብሪካና ወደ ባለ ገንዘብ ነጋዴ ሲዞር ከገበያው ወጡ። ጥሩው ሥጋ ወደ ውጭ ሲላክ፣ ከፋብሪካ የሚወጣው ጭንቅላትና አጥንት እየተጠበሰ ለአካባቢው ሰው ይሸጥ ጀመር። በ1990ዎቹ መጨረሻ የአውሮፓ ኅብረት በጤና ጥበቃ ምክንያት፣ በተለይም አንዳንድ አስጋሪዎች መርዝ እየተጠቀሙ ዓሣ በመያዛቸው፣ ዓሣው እንዳይገባ ለጊዜው ባገደ ጊዜ በአንድ ምርትና በአንድ ገበያ ላይ መመካት ያለው አደጋ ታየ። ሁበርት ዛውፐር እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው «የዳርዊን ቅዠት» የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም ይህን ኑሮ በዓለም አሳወቀ፤ በታንዛኒያ ግን አገሪቱን ያለ አግባብ አጥላልቷል በሚል ብርቱ ተቃውሞ ገጠመው።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የዓሣው የአየር ከረጢት ራሱን የቻለ ውድ ሸቀጥ ሆኗል። ደርቆ በተለይ ወደ ቻይና ይላካል፤ በዚያም እንደ ምርጥ ምግብ ይቆጠራል። ትልቅ ዓሣ ትልቅ ከረጢት ስላለው፣ ይህ ንግድ ብዙ እንቁላል የሚጥሉት ትልልቅ ሴቶች ይበልጥ እንዲፈለጉ አድርጓል።

ማስገርና ቁጥጥር

ሦስቱ አገሮች እ.ኤ.አ. በ1994 በተፈረመ ስምምነት፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ በጂንጃ የሆነ የቪክቶሪያ ሐይቅ የዓሣ ሀብት ድርጅት አቋቁመዋል። በስምምነታቸው መሠረት ከ50 ሴንቲ ሜትር ያነሰና ከ85 ሴንቲ ሜትር የበለጠ የናይል ፐርች ለፋብሪካ መቅረብ የለበትም። ዝቅተኛው ልክ ጫጩቶቹ እንዲያድጉ፣ ከፍተኛው ደግሞ ትልልቆቹ እናቶች እንዲተርፉ ታስቦ የተወሰነ ነው። ሆኖም የጀልባና የአስጋሪ ብዛት ከዓመት ወደ ዓመት ስለጨመረና ቀዳዳው ጠባብ የሆነ መረብ ስለተስፋፋ፣ የሚያዘው ዓሣ መጠን እያነሰ መጥቷል። ኡጋንዳ ከ2017 ጀምሮ ሕገ ወጥ ማስገርን ለመከላከል ወታደሮች አሰማርታለች፤ ይህም ድሀ አስጋሪዎችን ለእንግልት ዳርጓል የሚል ቅሬታ አስነሥቷል።

ቁጥጥሩ አንድ ግጭት በውስጡ ይዟል። ለአስጋሪውና ለመንግሥታቱ የናይል ፐርች እንዳይመናመን ሊጠበቅ የሚገባው ሀብት ነው፤ ለነባሮቹ ዝርያዎች ግን ሲቀንስ ነው እፎይታ የሚገኘው። ዓሣውን ከእንዲህ ያለ ሰፊ ሐይቅ ጨርሶ ማጥፋት አይቻልም፤ ቢቻል እንኳ ኑሮአቸው በእርሱ ላይ የቆመ ሰዎች ብዙ ናቸው። ስለዚህ አብዛኛው ጥረት ያተኮረው ሁለቱን አጣጥሞ ለማቆየት በሚያስችል የማስገር ልክ ላይ ነው።

በትውልድ ቦታው ለምን ወራሪ አልሆነም

በታንጋኒካ ሐይቅ አራት የላቴስ ዝርያዎች አሉ፤ አብረዋቸው የሚኖሩት ሲክሊዶች ግን በዓይነት እጅግ ብዙ ናቸው። በቱርካና፣ በአልበርትና በጫሞም የናይል ፐርች ከቆሮሶና ከሌሎች ዓሣዎች ጋር ይኖራል። ልዩነቱ በዋናነት የጊዜ ነው። በእነዚህ ሐይቆች አዳኙና ታዳኙ ለብዙ ሺህ ዓመታት አብረው ስለኖሩ፣ የቀሩት ዝርያዎች መሸሽን፣ መደበቅን ወይም በብዛት መራባትን የቻሉት ናቸው። በቪክቶሪያ ግን ይህ ሁሉ የተጠየቀው በሃያና በሠላሳ ዓመት ውስጥ ነበር።

ትንሹ የኡጋንዳ ናቡጋቦ ሐይቅ ይህንኑ ያሳያል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የናይል ፐርች ከገባበት በኋላ ነባሮቹ ትንንሽ ዓሣዎች ከሐይቁ መሐል ጠፍተው በዳርቻው ረግረግ ብቻ ተወሰኑ። በኪዮጋ ሐይቅም ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። በአንጻሩ በአሜሪካ በቴክሳስ ግዛት በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ በግድብ ሐይቆች የተለቀቁት ዓሣዎች የክረምቱን ቅዝቃዜ መቋቋም ስላልቻሉ ሳይራቡ ቀርተዋል።

በኢትዮጵያ

የናይል ፐርች በኢትዮጵያ ወራሪ ሳይሆን ነባር ዓሣ ነው። ሥጋው ነጭና ወፍራም በመሆኑና ትንንሽ እሾህ ስለሌለው ለፊሌቶ ይመረጣል፤ ከጫሞ የሚወጣውም ከአርባ ምንጭ አልፎ ወደ አዲስ አበባ ይጫናል። ይሁን እንጂ በማስገር ብዛትና ባልተፈቀደ መረብ ምክንያት የጫሞ የናይል ፐርች ተመናምኗል፤ ቀድሞ ይታወቁ የነበሩ ግዙፍ ዓሣዎችም ብርቅ ሆነዋል። ስለዚህ ይህ ዓሣ በቪክቶሪያ ሌሎችን ያጠፋ ሲሆን በትውልድ ቦታው በጫሞ ራሱ ጥበቃ የሚያስፈልገው ሆኗል።

የጣና ሐይቅ ሁኔታ ከጫሞ የተለየ ነው። ከሐይቁ መውጫ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች ያሉት የናይል ዓሣዎች ወደ ጣና እንዳይወጡ ስለከለከለ፣ የናይል ፐርች በጣና የለም። ከዚህ አንጻር ጢስ ዓባይ ለጣና የመርቺሰን ፏፏቴ ለቪክቶሪያ የነበረውን ያህል ነው። በዚህ መነጠል የተነሣ በጣና 15 ገደማ የሚሆኑ፣ ሌቢዮባርበስ ከሚባለው ወገን የሆኑ ትልልቅ ዓሣዎች ተፈጥረዋል፤ አብዛኞቹም በሌላ ቦታ አይገኙም። ከእነርሱ በርከት ያሉት በመንጋጋቸው ጥርስ ሳይኖር ሌላ ዓሣ እያደኑ የሚኖሩ መሆናቸው በሳይንስ ዘንድ ትኩረት ስቧል።

ከሌላ አህጉር የመጣው እምቦጭ ሁለቱንም ሐይቆች ወርሯል። በቪክቶሪያ በ1990 አካባቢ፣ በጣና ደግሞ ከ2011 ጀምሮ የታየ ሲሆን በሁለቱም በኩል እስካሁን አስቸጋሪ ሆኖ ቀጥሏል። በዓሣ በኩልም ካርፕ ከውጭ ገብቶ በዝዋይ ሐይቅ በብዛት ይሰገራል። የናይል ፐርች ግን በራሱ ኃይል ጢስ ዓባይን ሊሻገር አይችልም፤ ወደ ጣና ሊደርስ የሚችለው እንደ ቪክቶሪያው ሁሉ ሰው ተሸክሞት ከሄደ ብቻ ነው።